ኮንትራክተር የበላው ገንዘብ ከየት ይመለሳል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ ሳያገኝ መበተናችንን ታስታውሳላችሁ። አንዲት አባላችን ኩሽናዋን ላድስልሽ ያላት ሰው 16,000 ዶላር ተቀብሏት፣ የድሮውን ካቢኔ ነቃቅሎ ከጣለ በኋላ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። "ከማኅበሩ የችግር ጊዜ ሣጥን ይተካላት" የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግማሾቻችን አጨበጨብን፣ ግማሾቻችን ዝም አልን። እኔ ዝም ካሉት ነበርኩ። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ዝምታዬ ያስቀየማቸው እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሰብሳቢያችን "እንግዲያው አስቢበትና በሚቀጥለው ንገሪን" አሉኝ። ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ጠበቃ አይደለሁም። በሒሳብ አያያዝ የኮሌጅ ዲፕሎማ ያለኝ፣ ቀን ቀን የሰው ደረሰኝ ስደምር የምውል ሰው ነኝ። ነገር ግን ይህ ጣጣ እኛም ቤት ገብቶ ነበርና ከአክስቴ ጋር ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ቼክ አብሬያት ሄጃለሁ። እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ "ስሜን ብቻ አትጥሪ" ብላ። እዚህ ከእናንተ መሃል ተቀምጣለች፣ ግን የት እንደተቀመጠች አልናገርም።

አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ታውን ሀውስ አላት። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየሠራች የገዛችው ነው። ጉልበቷ እየደከመ ሲሄድ "ቤዝመንቱን አሠርቼ ባከራየው ሁለት ሌሊት ልቀንስ" ብላ አሰበች። እቁብ ደረሳት። ሰውየው የአገር ልጅ ነው፤ የሰው ቤት ሲሠራ አይታለች፤ መጥቶ ቡናዋን ጠጣ፤ "እማማ" አላት። ውሉ 38,000 ዶላር ሆነ። በፈረሙ ዕለት 19,000 በቼክ ሰጠችው። ግድግዳው የሚቆምበትን እንጨት አቁሞ፣ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሽቦ ከዘረጋ በኋላ "ዕቃ ሊወደድ ነው፣ ቶሎ ልግዛ" ብሎ 9,000 በካሽ ወሰደ። ከዚያ መኪናው ተበላሸ፣ ቀጥሎ ሠራተኛው ታመመ፣ ቀጥሎ እሱ አገር ቤት ለቅሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሣት ተወ።

እኔን የጠራችኝ ከዓመት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስታደርግ ቆየች ብትሉ፣ ሽማግሌ ልካ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው፣ የቻሉትን አድርገዋል። ሰውየው በፊታቸው ተንበርክኮ "ለፋሲካ እጨርሳለሁ" አለ፤ ፋሲካ አለፈ። "ለዘመን መለወጫ" አለ፤ እሱም አለፈ። "ለምን አልነገርሽኝም?" ስላት "ልጄ፣ ሰው ምን ይላል? ወገኔን ለፈረንጅ ልክሰስ?" አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ ብቻ አልሰማሁትም። ባለፈው ወር ስለዚህ ጉዳይ እንደምናገር ከተሰማ በኋላ ሦስት አባሎች ለብቻዬ ጠርተው ተመሳሳይ ታሪክ ነግረውኛል። ሦስቱም ያልከሰሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት የሚሠራ ኮንትራክተርን የሚቆጣጠር የመንግሥት አካል አለ። የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤም ኤች አይ ሲ ነው። ሕጉ ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ የዋስትና ፈንድ አለው። ፈንዱ የሚሞላው ከግብር ከፋይ ኪስ አይደለም፤ ፈቃድ የሚያወጡ ኮንትራክተሮች የሚያዋጡት ነው። ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ሥራውን ጥሎ ቢሄድ፣ ወይም አበላሽቶና ሳይጨርስ ቢተወው፣ ባለቤቷ ለደረሰባት ቀጥተኛ ኪሳራ ከዚህ ፈንድ ትካሳለች። ለአንድ ሰው የሚከፈለው ጣራ ድሮ 20,000 ዶላር ነበር፤ ከ2022 ወዲህ 30,000 ሆኗል። በአንድ ኮንትራክተር ምክንያት ለሁሉም ተጎጂዎች የሚከፈለውም ጣራ አለው፤ እሱ ከ100,000 ወደ 250,000 ከፍ ብሏል። ብዙ ሰው የበላ ኮንትራክተር ከሆነ ቀድሞ ማመልከት ይሻላል ማለት ነው።

ፈንዱ ከከፈለ በኋላ ነገሩ እዚያ አያልቅም። ኮሚሽኑ ዞሮ ኮንትራክተሩን ይጠይቃል፤ ያወጣውን ከነወለዱ እስኪመልስ ፈቃዱ ይታገዳል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ሣጥናችን ስመለስ እፈልገዋለሁ።

አክስቴ ይህን ስነግራት ፊቷ በራ። "እንግዲያው 28,000ዬ ሊመለስ ነው!" አለች። አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ ሰው የሚያጣላው፤ እኔና እሷም ሁለት ቀን ተኳርፈንበታል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ፈንዱ ኪሳራን የሚሰላባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ኮንትራክተሩ ገንዘብ ወስዶ ምንም ሳይሠራ ከጠፋ፣ የከፈልሽው ነው ኪሳራሽ። ጥቂት ሠርቶ ከሄደና አንቺ ሌላ ሰው ቀጥረሽ የማታስጨርሺ ከሆነ፣ ከከፈልሽው ላይ የሠራው ሥራና ያመጣው ዕቃ ዋጋ ይቀነሳል። ሌላ ኮንትራክተር ቀጥረሽ የምታስጨርሺ ወይም የምታስተካክዪ ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያው የከፈልሽው ላይ ለሁለተኛው የምትከፍዪው ይደመርና ከዚያ የመጀመሪያው ውል ዋጋ ይቀነሳል።

አክስቴ ሦስተኛው ውስጥ ናት። ለመጀመሪያው 28,000 ከፍላለች። ሁለተኛው ኮንትራክተር ለማስጨረሻ 23,400 ጠየቀ። ድምሩ 51,400 ነው። ከዚህ ላይ 38,000 ሲነሣ 13,400 ይቀራል። ኪሳራዋ ይህ ነው። "ለምን?" ብትሉ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን ኖሮ ለተጠናቀቀው ቤዝመንት 38,000 ልትከፍል ተስማምታለች። አሁን ያንኑ ቤዝመንት በ51,400 ልታገኘው ነው። ፈንዱ የሚሸፍነው ልዩነቱን ነው። የቀረባትን ኪራይ፣ የተበሳጨችበትን፣ ለጠበቃ የሚወጣውን፣ ወለዱን አይሸፍንም።

ሁለተኛው ኮንትራክተር ዋጋ ሲያወጣ የሆነ ነገርም ልንገራችሁ። አክስቴ "እግረ መንገዱን መታጠቢያም ይጨመርልኝ" አለችው። መታጠቢያ በመጀመሪያው ውል አልነበረም። ዋጋው አብሮ ቢጻፍ ኖሮ ማመልከቻው ይበላሽ ነበር፤ የተለያየ ሥራ ማወዳደር አይቻልምና። መታጠቢያውን በሌላ ወረቀት አስጻፍነው። ዋጋ የሚያወጣላችሁ ሰው ፈቃድ ያለው ይሁን፤ የሚጽፈውም ያንኑ ያልተጨረሰውን ሥራ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ 9,000ው ካሽ። ደረሰኝ የለውም። ይህ ገንዘብ ካልታመነ ከፈለችው የሚባለው 19,000 ብቻ ይሆናል። 19,000 እና 23,400 ሲደመር 42,400፤ 38,000 ሲነሣ 4,400። አያችሁ? ማስረጃ የሌለው ዶላር ሁሉ ከካሣዋ ላይ አንድ ለአንድ ይወድቃል። በዚያን ሌሊት የአክስቴን ስልክ ይዤ ከሰውየው ጋር የተላላኩትን መልእክት ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። ጸሎት አለ፣ የበዓል መልካም ምኞት አለ፣ የአበባ ሥዕል አለ። ከመሃሉ አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ "9ኙን ተቀብያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ እማማ" ይላል። ያን ዕለት ጠዋት ከባንክ 9,000 ማውጣቷ ደግሞ በስቴትመንቱ ላይ አለ። መልእክቱን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉመን ከስቴትመንቱ ጋር አያያዝነው። እኔ በሥራዬ ብዙ ወረቀት አይቻለሁ፤ እንደዚያች አንዲት መስመር ያስደሰተኝ የለም።

ጉዳዩ በአስተዳደር ዳኛ ፊት ተሰማ። አስተርጓሚ ጠየቅን፣ ተሰጠን። ሰውየው አልቀረበም። ዳኛዋ ከጠየቀቻቸው ነገሮች አንዱ "ሊያስተካክል ፈልጎ ከልክለሽው ታውቂያለሽ ወይ?" የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ኮንትራክተሩ በቅን ልቦና ላስተካክል ብሎ ባለቤቷ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለች ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። አክስቴ በንዴት ቁልፍ ቀይራ "ዓይኑን ማየት አልፈልግም" ብላ ነበር። እኔ ነኝ "አንድ የመጨረሻ ዕድል በጽሑፍ እንስጠው" ብዬ የለመንኳት። ቀን ጠቅሰን ደብዳቤ ላክን፣ ሳይመጣ ቀረ። የደብዳቤው ግልባጭ በእጃችን ነበር።

13,400 ዶላሩ ተፈቀደላት። ሰውየው ይግባኝ የሚልበት ጊዜ አለ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ግን ቼኩ በፖስታ መጣ። በእርግጥ ከኪሷ ብዙ ወጥቷል፤ ሁለቱን ሌሊትም ገና አልቀነሰችም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሰውየው ፈቃድ ነበረው። ውሉን ሲፈራረሙ በሥራ ላይ ያለ የኤም ኤች አይ ሲ ቁጥር ከሌለው ፈንዱ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። የኩሽናዋ እህታችን ሰው ፈቃድ የለውም። ሥልክ ቁጥሩና የፌስቡክ ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው የተገኙት። ይህን ለእሷ መንገር ለእኔ ከባድ ነበር፤ የአክስቴን ቼክ ሰምታ ተስፋ አድርጋ ነው የመጣችው።

ታክስ ላይ ይቀነስልኝ ይሆን ብላም ጠይቃኛለች፣ ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁ ልመልስ። ከ2018 ወዲህ በግል መኖሪያ ቤት ላይ በተፈጸመ ስርቆትና ማጭበርበር የጠፋ ገንዘብ በፌዴራል ታክስ ላይ አይቀነስም፤ መንግሥት ካወጀው አደጋ ጋር የተያያዘ ካልሆነ በቀር። ይቀነሳል የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት።

እንግዲህ ሣጥናችን ይተካላት ወይ? እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልናገርና እናንተ ፍረዱ።

አባሎቻችን 62 ነን፤ በወር 20 ዶላር እናዋጣለን፤ 1,240 ዶላር ማለት ነው። 16,000 ዶላር የአሥራ ሦስት ወር መዋጮአችን ነው። ሣጥኑ የተቋቋመው ለሐዘን፣ ለሕመምና ከሥራ ለመውጣት ነው፤ ለጋሾቻችንም የሰጡን ይህን ብለን ስለለመንናቸው ነው። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት እህት ብትሞትብን አስከሬን ወደ አገር ቤት መላኪያ አይኖረንም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የሜሪላንዱ ፈንድ መክፈል የሚችለው ኮንትራክተሮቹ ራሳቸው ስለሚያዋጡና ከከፈለም በኋላ ዞሮ በዳዩን ስለሚይዝ ነው። እኛ ከከፈልን ማንን እንይዛለን? የተበደለችውን እህት ገንዘብ ሌሎች የሚያዋጡ እህቶች ይተካሉ፣ የበላው ሰው ደግሞ በነፃ ይሄዳል። ነገ ሌላ ኩሽና ይነቅላል።

ይህን ስል አንድ ነገር ይከነክነኛል። ልብ የሌላት ገንዘብ ያዥ እንዳልባል ብቻ አይደለም። ካቢኔ የሌለው ኩሽና ውስጥ ሦስት ልጅ እያበላች ነው። ስለዚህ ያመጣሁት ሐሳብ ይህ ነው። ሣጥኑ እንደ ካሣ ሳይሆን ያለ ወለድ ብድር 2,000 ዶላር ይስጣት፤ ማጠቢያውና ምድጃው እንዲሠራ። በሁለት ዓመት በየወሩ ትመልሳለች። ከዚያ ጋር ሁለት ሰው መድበን አብረዋት ይሂዱ። ያለ ፈቃድ የቤት እድሳት መሥራት ሜሪላንድ ውስጥ ወንጀል ነው፤ ፈቃድ በሌለው ሰው ላይም ለኮሚሽኑ አቤት ማለት ይቻላል፤ ወንጀሉ ፍርድ ቤት ከቀረበ ዳኛው ገንዘቡን መልስ ብሎ ሊያዝ ይችላል። በፍትሐ ብሔር በኩልም የሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 30,000 ዶላር ያለ ክስ ያያል፤ 5,000ና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ አቀራረቡ ቀለል ያለ ነው። መፍረድና ማስከፈል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አልደብቃችሁም፤ ንብረት የሌለው ሰው ተፈርዶበትም ላይከፍል ይችላል።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ አባሎች፣ እናንተም ፈንድ አላችሁ። አካሄዱ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ አስቀድማችሁ ፍርድ ቤት አስፈርዳችሁ ነው ወደ ፈንዱ የምትሄዱት። ሜሪላንድ ውስጥም አዲስ ቤት ከገንቢ የገዛ ሰው የሚሄደው ወደ ሌላ ፈንድ ነው፤ ዛሬ የተናገርኩት ስለ እድሳት ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ግማሹን ቅድሚያ መክፈል ያለ ነገር አይደለም እንዴ?" ብላችሁኛል። አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተር ውል ሲፈረም ወይም ከዚያ በፊት ከጠቅላላ ዋጋው ከሲሶ በላይ መቀበል አይችልም። የ38,000 ሲሶ 12,666 ነው። አክስቴን 19,000 ሲጠይቃት ገና በመጀመሪያው ቀን ሕግ ጥሷል፤ እኛ አላወቅንም እንጂ። እኛ ከአገራችን ይዘን የመጣነው የቀብድን ልማድ ነው። የሚገርመው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልስ ይላል። ልማዱን አመጣን፣ እጥፉን ረሳነው። (ሳቅ)

ሽማግሌ መላክን አልነቅፍም፤ ብዙ ትዳርና ብዙ ወንድማማችነት በሽምግልና ቆሟል። ነገር ግን የፈንዱ ማመልከቻ ኪሳራውን ካወቅሽበት ወይም ልታውቂ ይገባሽ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ሽማግሌ ስለተቀመጠ ቀኑ አይቆምም። ለብቻዬ ከነገሩኝ ሦስት አባሎች የአንዷ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰውየው ፈቃድ ነበረው፣ ውል ነበራት፣ የከፈለችው ሁሉ በቼክ ነበር። አክስቴ የጎደላት ሁሉ ነበራት። ስታለቅስ ስልኩን ይዤ የምላት ጠፋኝ። ሽማግሌዎችም እዚህ ካላችሁ እባካችሁ፣ ሰውየው ቃል ሲገባ ቀኑን በወረቀት አስፍራችሁ አስፈርሙት። ያ ወረቀት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ቅን ሰው ከሆነ ደግሞ አይከፋውም።

አንድ ነገር ብቻ በየቤታችሁ እንድታደርጉ እለምናለሁ። ሰው ቤታችሁን ሊሠራ ሲመጣ፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት፣ "የኤም ኤች አይ ሲ ቁጥርህን ስጠኝ" በሉት። በሜሪላንድ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ስታስገቡ ስሙና የፈቃዱ ማብቂያ ቀን ይወጣል። የወጣው ስምና ውሉን የሚፈርመው ሰው አንድ መሆኑን እዩ፤ በዘመዱ ወይም በጓደኛው ቁጥር የሚሠራ አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ቁጥሩን ወደ ስልኬ ላኩልኝ፣ በምሳ ሰዓቴ አየዋለሁ። አክስቴ አሁን ቁጥር ሳትጠይቅ ቧንቧ ሠሪ እንኳ በር አትከፍትም፤ ባለፈው ሳምንት የጋዝ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ልጅ ሳይቀር ጠይቃዋለች።

ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሥራ አምስት ኮፒ አትሜ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። በኅዳጉ ላይ የእያንዳንዱን ጥያቄ ትርጉም በእጄ ጽፌበታለሁ፤ ጽሕፈቴ ካልተነበበ ጥሩኝ። ወረቀታችሁን ከእኔ ጋር ማየት የምትፈልጉ ከዛሬ ስብሰባ በኋላ እቆያለሁ፤ ቼክ፣ ስቴትመንት፣ ውል፣ የስልክ መልእክት ያላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ ሳትመርጡ።

ስለ ብድሩ ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። እህታችን ይህን ሐሳብ አስቀድማ ሰምታዋለች። "ብድር ከሆነ እቀበላለሁ፣ ስጦታ ከሆነ ግን ከዚህ በኋላ እናንተን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል" ብላኛለች። ድምፁን እኔ እቆጥራለሁ፤ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንሡልኝ።